በዘነበ ስም

ሚኒባሱ የተክለ ሃይማኖትን አደባባይ ሲዞር ሰውየው ተሳፈረ።

ሶሲ ቀና ብላ አላየችውም። ከኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ጥግ ተለጥፋ ስልኳን ትነካካለች። ሰውየው የሦስት ሰው ጉልበት ተሻግሮ አጠገቧ ተሸጎጠ። እጁ ላይ የዳቦ ፌስታል አለ። ከላይ ዳቦ ነው። ከሥር ዳቦ አይደለም።

«መርፌ» አለ፣ በምስጢር ስሟ፣ ፊቱን ወደ ጎዳናው እንዳዞረ።

«አቤት።»

«የሚከተልሽ አለ?»

«ከጠመንጃ ያዥ ጀምሮ ማንም የለም። ሁለት ታክሲ ቀይሬያለሁ።»

ፌስታሉ ከእሱ ጉልበት ወደ እሷ ጉልበት ተሻገረ። ወያላው ሂሳብ ሲል ሰውየው የሁለቱንም ከፈለ። ላያቸው ሰው አጎትና የእህት ልጅ ነበሩ።

ስሙ ጂራታ ነው። በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ «አባወራ» እንደሚሉት ራሱ ነግሯታል። ራሰ በራ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ የሚመስል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ሶሲ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ የላፕቶፕ ጥገና ሱቅ ከፍታ፣ የሌላ ሰው ስም ለብሳ ስትኖር ትእዛዝ የምትቀበለው ከሱ ብቻ ነው። ከሱ በቀር የመሥሪያ ቤቱን ሰው አታውቅም። ከሱ በቀር እሷን የሚያውቅ የለም።

«አዲስ ሃርድ ዲስክ ነው» አላት። «የሰው አሻጋሪዎቹን ፋይል ገልብጪበት። መኪናው ያለበትን ካገኘሽ ግን መጀመሪያ ለእኔ።»

«ምን ያህል ጊዜ አለን?»

«የለንም። በሩ የተቆለፈባቸው ትናንት ጠዋት ነው።»

አርባ የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ እናደርሳችኋለን ተብለው፣ ቡና ተብሎ በተጫነ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልፈው በሞያሌ መንገድ ተልከዋል። ሾፌሩ መንገድ ላይ ስልኩን አጥፍቶ ተሰወረ። ኮንቴይነሩ የት እንደቀረ ላኪዎቹም አያውቁም። ኮንቴይነሩ ላይ መከታተያ ተገጥሞበታል፤ መከታተያውን የሚያነበው ፕሮግራም ግን ከሰኞ ጀምሮ አልነሳ ብሏል። ሶሲን የጠሯት ለዚህ ነው።

«ውስጥ ያለው ሰውሽ» አለ ጂራታ። «ክር የምትይው። ማነው?»

«ስሙን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

«አልጠየቅኩም። ዛሬ ግን የኛ ልጆች በር ሰብረው ይገባሉ። የትኛውን እንዳይመቱ ልንገራቸው?»

የምንጭ ስም አይጠራም። ለአለቃም ቢሆን። ሥልጠና ላይ የተማረችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ግን በር ሰብረው ሲገቡ የሚያሳርፉት የሰደፍ ምት ታሰባት። ክር ደግሞ ደካማ ሰው ነው፤ አስም አለበት።

«ዘነበ» አለች። «ስምሪት ክፍል ነው። ግራጫ ሹራብ ይለብሳል።»

ጂራታ ራሱን ነቀነቀ።

«ወራጅ አለ!»

ወረደ። ሚኒባሱ ወደ ልደታ ቀጠለ።

የላኪዎቹ ቢሮ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩ ላይ ሚደቅሳ የሚባል ጥበቃ ቆሟል፤ በሩን ራሱን የሚያክል ሰው። ቦርሳዋን በረበረ። ዲስኩን አገላብጦ አየ።

«ይሄ ምንድነው?»

«መለዋወጫ።»

አሳለፋት።

ዘነበ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ «መጣሽ የኔ ልጅ?» አለ፣ ለባለሙያ ሰላምታ እንደሚሰጥ ደንበኛ። ከዚያ በላይ አልተያዩም። ዘነበ አራት ዓመት ሙሉ መኪና ሲያሰማራ የሚጫነው ቡና ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ባዶውን ተመለሰ የተባለ ኮንቴይነር ከፍቶ ሲያይ የሴት ልጅ ነጠላ ጫማ አገኘ። ግድግዳው ላይ የጥፍር ጭረት ነበር። በማግስቱ ስልኩን ሊያሠራ ሶሲ ሱቅ መጣ። ስክሪኑ እስኪቀየር በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሶሲ ያን ሱቅ የከፈተችው እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ ነበር።

ባለቤቱ ፍሬምናጦስ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ። ንጹሕ ሸሚዝ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን።

«አንቺ ነሽ ባለሙያዋ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ቡናዬ ጠፍቶብኛል። ዛሬ ካልተገኘ እከስራለሁ።»

«የመከታተያውን ሰርቨር ያሳዩኝ።»

ሰርቨር የሚሉት ነገር ጥግ ላይ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ሆኖ ተገኘ። ክዳኑ በፕላስተር ተጣብቋል። ሶሲ ጆሮዋን ጠጋ አደረገች።

ጠቅ።

ዝም።

ጠቅ። ጠቅ።

ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው።

«ሰኞ ለት በራሱ ጊዜ አፕዴት አደረገ» አለ ዘነበ። «ከዚያ ወዲህ ይነሳል፣ ይወድቃል። ይነሳል፣ ይወድቃል።»

ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። በዚህ ማሽን ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው በታሸገ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። የሙያው ሰዎች ይህንንም ኮንቴይነር ይሉታል። ካርታው የራሱ አለው፣ መከታተያውን የሚያነበው የራሱ አለው። አስነሳቻቸው። ቆሙ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆዩና ተራ በተራ ወደቁ። መልእክቱ አጭር ነው፤ «ዲስኩ ሞልቷል» ይላል።

ዲስኩን አየችው። ግማሹ ባዶ ነው።

እንደገና አስነሳች። እንደገና ወደቁ። ይህ የለበሰችው ሙያ የውሸት አይደለም፤ እውነተኛ ባለሙያ ስለሆነች ነው የተመረጠችው። አሁን ግን እጇ የሚነካው ሁሉ ይሟሟል። ብረት ውስጥ ያሉት ልጆች አየር እያለቀባቸው እሷ ግማሹ ባዶ የሆነ ዲስክ «ሞልቻለሁ» ሲላት ታነባለች።

«ምን ይላል?» ፍሬምናጦስ ትከሻዋ ላይ አጎነበሰ።

«እያየሁት ነው።»

ያየችው ነገር ቀስ እያለ ገባት። ሰኞ የወረደው አፕዴት ስህተት ይዞ ነው የመጣው። ኮንቴይነር በወደቀ ቁጥር ሲስተሙ ቅሪቱን መጥረግ ትቷል። ብጥስጣሽ ፋይል፣ ብጥስጣሽ ፋይል፣ ሚሊዮን ብጥስጣሽ። ያለቀው ቦታው አይደለም፤ ለየፋይሉ የሚሰጠው ቁጥር ነው። መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ተራ ቁጥር የሚያድለው ሰውዬ «አልቋል» ብሎ በሩን እንደመዝጋት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቅሪቱን መጥረግ፣ ማሽኑን አጥፍቶ በድሮው ሲስተም ማስነሳት።

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

ቀላል የሚሆነው ዲስኩ ጤነኛ ቢሆን ነበር። ይህ ዲስክ አንዴ ከጠፋ ላይነቃ ይችላል። አስቀድሞ መገልበጥ ይሻላል። ጂራታ የሰጣትን ዲስክ ሰካችና መገልበጥ አስጀመረች። መስመሩ ትንሽ ሄደ። ቆመ። ትንሽ ሄደ። «የሚቀረው አምስት ሰዓት» አለ።

አምስት ሰዓት አልነበራቸውም።

የፍሬምናጦስ ስልክ ጮኸ።

አነሳ። አዳመጠ። «እሺ» አለ። እንደገና አዳመጠ። «እርግጠኛ ነህ?» ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ዞሮም ዘነበን አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ዘነበ።»

«አቤት፣ ጌታዬ።»

«ከሚደቅሳ ጋር ውረድና ፒክአፑን አንቀሳቅሱልኝ። መንገድ ዘግቷል ይላሉ።»

ዘነበ ወዲያው አልተነሳም። ፒክአፑን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ከወንበሩ ጀርባ ላይ የተሰቀለውን ጃኬት አንስቶ፣ ግራጫ ሹራቡ ላይ ደረበው። እጁ እጅጌውን ሁለቴ ሳተ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሶሲ ዞረ።

«የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተሬን አልዘጋሁትም» አላት። «እያየሽው።»

ወጣ። ሚደቅሳ ተከተለው።

ሶሲ መጻፏን አላቋረጠችም። ብታቋርጥ ትከሻዋ ያሳብቅባታል። ጣቶቿ ፊደል ይመታሉ፤ ምን እንደሚጽፉ ግን አታውቅም።

ክር ዘነበ መሆኑን በዚህች ከተማ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው ተጨምሯል።

በር የሚሰብሩ ልጆች አይመጡም። መጀመሪያውኑም አልነበሩም።

ፍሬምናጦስ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። የአምቦ ውኃ ከፍቶ አስጠጋላት። «ጠጪ እንጂ እህቴ» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ቅድም «አንቺ ነሽ ባለሙያዋ» ያላት ሰው አሁን እህቴ ይላታል። ጂራታ የእሷንም ስም ሸጦት ይሆን? አላወቀችም። የምታውቀው፣ ካርታው እስኪነሳ ድረስ እንደሚፈልጓት ብቻ ነው። ከተነሳ በኋላ ያለውን አታውቅም።

ግልበጣውን አቋረጠችው።

«ማጥፋት አለብኝ» አለች። «ሊነሳም ይችላል፣ ላይነሳም ይችላል።»

«ካልተነሳስ?»

«ካልተነሳ እኔም ምንም ላደርግ አልችልም።»

ቅሪቱን ጠረገች። ዲስኩ እንደታመመ ሰው አቃሰተ። ከዚያ አጠፋችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከታች የወያላዎች ጥሪ ብቻ ይሰማል። ማብሪያውን ተጫነች።

ምንም።

ጣቷን ሳታነሳ ቆየች። በልጅነቷ ትጸልይ ነበር፤ አሁን የመጣላት ግን ጸሎት ሳይሆን «እባክህ» የሚል አንድ ቃል ነው። ለማን እንደሆነ አላወቀችም።

ጠቅ።

መዞር ጀመረ።

የድሮውን ሲስተም መረጠች። ኮንቴይነሮቹን አንድ በአንድ አስነሳች። ቆሙ። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። አልወደቁም። ስክሪኑን በትከሻዋ ከልላ ካርታውን ከፈተች።

አንዲት ቀይ ነጥብ። ከያቤሎ በታች፣ ከአስፋልቱ ወደ ግራ በሚገነጠል የአፈር መንገድ ላይ፣ ቁጥቋጦ መሃል። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰችም።

ካርታውን ደበቀችው።

«እንዴት ነው?» አለ ፍሬምናጦስ።

«ተነሥቷል። ሲግናል እስኪይዝ መጠበቅ ነው።»

ስልኳ ነዘረ። መልእክቱ ከጂራታ ነው። «አገኘሽው?» ይላል።

ከጠረጴዛው ሥር፣ በአንድ እጇ መለሰች። «ወልቂጤ። ጅማ መንገድ ላይ።»

ላከችው። ውኃውን አንስታ ተጎነጨች። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ አለች በልቧ። ምናልባት ዘነበ እውነትም መኪና ሊያንቀሳቅስ ወርዶ ይሆናል።

የፍሬምናጦስ ስልክ ጮኸ።

ክፍሉ ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል። እያወራ ወደ በረንዳው ወጣ።

«ወልቂጤ?» ሲል ሰማችው። «ወልቂጤ ምን ሊሠራ ሄደ ጃል?»

አልተሳሳተችም።

ጀርባው ወደ እሷ ነው። ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። ሦስት እርምጃ፣ የዘነበ ጠረጴዛ። ኮምፒውተሩ እንዳለውም ክፍት ነው። ስክሪኑ ላይ የሾፌሮች ቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቷል፤ በዚያ መስመር የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሁሉ ያሉበት። ስለ ነዳጅ ያወራሉ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ኬላ።

እዚያ የምትጽፈው ነገር ሁሉ በዘነበ ስም ነው የሚወጣው።

ጣቷ ፊደሉ ላይ ደርቆ ቀረ። ዘነበ አሁን የተጠረጠረ ሰው ነው። ይክዳል፣ ይምላል፣ ያለቅሳል፤ ምናልባት ያምኑታል። ይህ መልእክት ከወጣ በኋላ ግን የሚክደው ነገር አይኖረውም። «ኮምፒውተሬን አልዘጋሁትም» ያለው ጻፊ ማለቱ ነው? ወይስ ሰው ሲፈራ አፉ ያመጣለትን ነው የተናገረው?

የምትጠይቀው ሰው የለም።

ከበረንዳው የፍሬምናጦስ ድምፅ ዝግ እያለ መጣ። ሊጨርስ ነው።

ጻፈች። «ወንድሞቼ፣ ከያቤሎ በታች ወደ ሞያሌ ስትሄዱ፣ ወደ ግራ በሚገነጠለው የአፈር መንገድ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ቆሟል። የተጫነው ቡና አይደለም፣ ሰው ነው። ከትናንት ጀምሮ ተቆልፎባቸዋል። ቅርብ ያለ ሰው ይድረስ፣ በሩን ይስበር።» የነጥቡንም ቦታ ጨመረችበት።

ላከችው።

አንድ ትንፋሽ።

«ባፈና ነኝ። ያቤሎ ማደያ ጋ ነኝ። ሄድኩ» ሲል ጻፈ አንድ ሾፌር።

«እኔም ከኋላህ ነኝ።»

«ጋሽ ዘነበ እውነትህን ነው?»

ቦርሳዋን አነሳች። ላፕቶፑ ጥግ ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል። ዲስኩን ነቅላ ለመውሰድ ጊዜ የለም። በሩ ላይ ጥበቃ አልነበረም፤ ጥበቃው ዘነበን ይዞ ወርዷል። ደረጃውን ሳትሮጥ ወረደች። የሚሮጥ ሰው ይታያል።

ታች ነጩ ፒክአፕ፣ ትእዛዝ የሚጠብቅ ይመስል፣ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ዘነበ ከኋላ ወንበር በሁለት ሰው መሃል ተቀምጧል። አንደኛው ሚደቅሳ ነው። ሚደቅሳ ስልኩን ያነባል። አነበበ። ቀና ብሎ ዘነበን አየው።

ዘነበ ግን የሚያየው በመስኮቱ በኩል ሶሲን ነበር። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረበትም። ሌላ ነገርም አልነበረበትም፤ ወይም ነበረበትና እሷ ማንበብ አቃታት።

መጮኽ ትችላለች። ጎዳናው ሰው ሞልቶታል። ቲማቲም ሻጮች አሉ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አሉ። ምን ብላ ትጮኻለች? ማን ነኝ ብላ? መሣሪያ የላትም። መሥሪያ ቤት የላትም። የራሷ ስም እንኳ የላትም።

ፒክአፑ ተንቀሳቀሰ።

ሰሌዳውን በቃሏ ያዘች። ጌጃ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ውስጥ ገብታ ፖሊስ ደወለች፤ ሰሌዳውንና የሄደበትን አቅጣጫ ተናገረች። «ስምሽ ማን ይባላል?» ሲሏት ዘጋችው። ሲም ካርዱን አውጥታ ሰበረችና ቦይ ውስጥ ጣለችው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቪዲዮ ከተማውን አዳረሰው። አንድ የሰፈር ሻይ ቤት ውስጥ፣ በአሳላፊዋ ስልክ ነው ያየችው። ሾፌሮች በጎማ መፍቻ የብረት በር ይመታሉ። በሩ ሲከፈት ከውስጥ የመጣው ሽታ የቀረጸውን ሰው ወደኋላ ሲመልሰው ይታያል። ከዚያ ልጆቹ ወጡ። አንዳንዶቹ በእግራቸው፣ አንዳንዶቹ በሸክም። አንዲት ልጅ ፀሐዩን በሁለት እጇ ጋርዳ ቆመች፤ ወዴት መሄድ እንዳለባት ያልገባት ትመስላለች። ስድስቱ በሕይወት አልወጡም።

«እግዚኦ» አለች አሳላፊዋ። «ሚስቱ አትኮራም? ያ የጻፈው ሰውዬ?»

ሶሲ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።

ከመሸ በኋላ ፍሬምናጦስ መያዙን በዜና ሰማች። ሚደቅሳና ፒክአፑ አልተገኙም። ስለ ዘነበ ዜናው ምንም አላለም። ጂራታ ዜና ላይ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ከማታውቀው ቁጥር፣ ለክፉ ቀን ወደያዘችው ስልክ አጭር መልእክት መጣ። «መርፌ፣ ጥሩ ሥራ ነው። ግቢ፤ እንነጋገር።» በዚህ ስም የሚጠራት ጂራታ ብቻ ነው። ከሱ በላይ ያለ አለቃ ማን እንደሆነ አታውቅም። ከሳሽ ብትሆን ክሷን የምትሰጠው ለራሱ ለተከሳሹ ነው። ስልኩን አጠፋችው።

በማግስቱ ጠዋት መሣሪያዎቿን ልትሰበስብ ጠመንጃ ያዥ ስትደርስ፣ የሱቁ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ አገኘች። ነጠላዋን አገልድማለች። በእጇ ስልክ ይዛለች። ሶሲ ስልኩን አወቀችው፤ ስክሪኑን የቀየረችው ራሷ ናት።

«ሶሲ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ጠጅቱ እባላለሁ። የዘነበ ባለቤት ነኝ።» ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ሰልሏል። «ትናንት ስልኩን ቤት ረስቶ ወጣ። ከቁጥሮቹ መሃል ያንቺን አየሁ፤ ሶሲ ጥገና ይላል። ታውቂዋለሽ?»

«ደንበኛዬ ናቸው» አለች ሶሲ። አፏ የለመደውን ነበር የተናገረው።

«ከትናንት ጀምሮ ይህ ስልክ አላረፈም። ሾፌሮቹ ይደውላሉ። የልጆቹ ወላጆች ይደውላሉ። ባልሽ ጀግና ነው ይሉኛል፤ እግሩን እንሳም ይላሉ። እኔ ደግሞ ያለበትን አላውቅም።» ስልኩን አገላበጠችው። «እሱ ፈሪ ሰው ነው፣ እህቴ። ከጎረቤት ጋር ቃል አይለዋወጥም። እውነት እሱ ነው የጻፈው? እዚያ ቢሮ ኮምፒውተር ስትሠሪ ነበር አሉኝ። አይተሻል?»

ሶሲ ቁልፉን እንደያዘች ቆመች።

እውነቱን ብትነግራት ሴትዮዋ ምን ይቀራታል? ባልሽን ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ መካጃ ያሳጣሁትም እኔ ነኝ ማለት ነው። ብትዋሻትስ?

«አይቻለሁ» አለች። «እሳቸው ናቸው።»

«በዓይንሽ?»

«በዓይኔ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን ጻፉት።»

ጠጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተርገፈገፈ። ሶሲ እጇን ልትዘረጋ ብላ መለሰችው።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች ጠጅቱ ስትነሣ። «እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፤ አባታችሁ እንዲህ አደረገ ብዬ።»

እስክትታጠፍ ድረስ አየቻት። ሱቁን ሳትከፍተው ቁልፉን በበሩ ሥር ገፋችው። መሣሪያዎቹ እዚያው ይቅሩ።

የልደታ ባቡር ጣቢያን ሰው አጨናንቆታል። ወደ የት የሚሄድ እንደሆነ ሳትጠይቅ ፊት ለፊቷ በቆመው ባቡር ተሳፈረች። አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ገፋቻት፤ አንድ ሽማግሌ ክርናቸውን ጎኗ ላይ አሳረፉ።

«ጠጋ በይልኝ ልጄ» አሏት።

ጠጋ አለችላቸው። በሩ ተዘጋ። ዞሮ ያያት ሰው አልነበረም።